አሥር ቀን የቆየው መልስ

ምክር አገራችን ውስጥ ዋጋ ያልጨመረ ብቸኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ጤፍ ጨምሯል፣ ዘይት ጨምሯል፣ የታክሲ ሒሳብ ጨምሯል፤ ምክር ግን ዛሬም በነፃ ነው፣ ያውም ቤት ድረስ እየመጣ። ታክሲ ውስጥ ስለ ትዳርህ በስልክ ጮክ ብለህ ካወራህ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ችግርህን ፈትቶልህ ነው የሚወርደው። ለቅሶ ቤት ከንፍሮው ጋር ምክር ይታደላል። ራስህን እንዳመመህ ለሦስት ሰው ከተናገርክ ሦስት መድኃኒት ታዝዞልህ ትመለሳለህ፤ አንዱ ዳማ ከሴ፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ የተረፈ ክኒን። ስልካችን ውስጥማ መካሪው ከተመካሪው በልጧል።

አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት ምክር ከባድ ነገር መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ምክር ንጉሥ ያቆማል፤ ንጉሥም ያወርዳል። ትዳር ያቆማል፤ ትዳርም ያፈርሳል። እንዲህ ከሆነ ታዲያ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ንጉሡን መካሪው መከረው እንበል፤ መካሪውንስ ማን መከረው?

ይህ ጥያቄ በመጣብኝ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ከኢየሩሳሌም አጠገብ ካለችው ከዓናቶት፣ ከካህናት ወገን የተወለደው ነቢዩ ኤርምያስ። ኤርምያስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በልቅሶው ነው። በሰሙነ ሕማማት ሰቆቃወ ኤርምያስ ሲነበብ ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ዝምታው ነው።

እስኪ መጀመሪያ ዘመኑን እናስታውስ። ኤርምያስ ነቢይነቱን የጀመረው በንጉሥ ኢዮስያስ በ13ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ይሁዳ የምትባለው ትንሽ አገር ሁለት ዝሆኖች መካከል እንደ በቀለ ሣር ነበረች። በአንድ ወገን ግብፅ፣ በሌላ ወገን ባቢሎን። በ605 ናቡከደነፆር የግብፅን ጦር ከርከሚሽ ላይ ድል አደረገ። በ597 ደግሞ ኢየሩሳሌምን ከብቦ ያዘ፤ ወጣቱን ንጉሥ ዮአኪንን ከነሹማምንቱና ከነባለሙያዎቹ አግዞ ወሰደና በምትኩ አጎቱን ሴዴቅያስን አነገሠ። ይህን የጻፈው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አይደለም። ባቢሎናውያኑ ራሳቸው በሸክላ ጽላት ላይ መዝግበውታል። ጽላቱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ዶናልድ ዋይዝማን የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 አንብበው አሳትመውታል።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥር ዓመታት የይሁዳ ሰው ሁሉ በልቡ አንድ ጥያቄ ነበረው። «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ይህን ጥያቄ የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ኤርምያስን ጥያቄው ሦስት ጊዜ በሦስት መልክ መጣበት። አስገራሚው ነገር ሦስቱንም ጊዜ የሰጠው መልስ የተለያየ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ባቢሎን ለተጋዙት ሰዎች የሰጠው መልስ ነው። እነርሱ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ነገ እንመለሳለን እያሉ ይጠብቁ ነበር። ኤርምያስ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ፤ መመለሱ 70 ዓመት ይፈጃል የሚል ነበር መልእክቱ። የስደተኛን ልብ ለሚያውቅ ሰው ይህ መራር ደብዳቤ ነው።

ሁለተኛው ለንጉሥ ሴዴቅያስ ነው። ከ588 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ዳግመኛ ተከብባ ነበር። ኤርምያስ የሕዝቡን ልብ ያደክማል ተብሎ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። ከዚያ ያወጣው የኛው ሰው፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ገመዱ ነቢዩን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ አምጥቶ በብብቱ እንዲያደርገው ነገረው። እዚህ አገር አቤሜሌክ የተከበረ ሰው ነው፤ ተረፈ ባሮክም በለስ ይዞ 66 ዓመት እንደ ተኛ ይተርክለታል። ኤርምያስ ከጉድጓድ ወጥቶ ንጉሡ በድብቅ ሲጠይቀው፣ ውጣና እጅህን ስጥ፣ አንተም ቤተ ሰብህም ትተርፋላችሁ፣ ከተማይቱም አትቃጠልም አለው። ንጉሡ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ቀረ። ከተማዋ ተቃጠለች።

ሦስተኛው ዋናው ታሪኬ ነውና ቆይቼ እመለስበታለሁ። እስካሁን ያለውን ግን እዩት። ባቢሎን ያሉትን «ባላችሁበት ተቀመጡ» አላቸው፣ ንጉሡን «ውጣ» አለው። ምክርን እንደ በርበሬ አስፈጭቶ ጆንያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ለሁሉም ከአንዱ ጆንያ ይሰፍርላቸው ነበር።

በዚያው ዘመን እንደዚያ የሚሰፍር ሰው ነበረ፤ ሐናንያ ይባላል፤ የገባዖን ሰው ነው። በ594 ገደማ፣ በቤተ መቅደስ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተነሥቶ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የተዘረፈው ንዋየ ቅድሳትም ንጉሡም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ፤ ይህን የሚለው እግዚአብሔር ነው አለ። ሕዝቡ ምን ያህል ደስ እንዳለው መገመት ነው። ኤርምያስ በዚያ ጊዜ የባርነት ምልክት እንዲሆን ከእንጨት የተሠራ ቀንበር አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞር ነበር። ለሐናንያ የመለሰለት መጀመሪያ «አሜን» ብሎ ነው፤ ያልከው ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ እንደ ማለት። ቀጥሎም ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው ብሎ አስጠነቀቀው። ሐናንያ ግን ብሶበት ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት አውልቆ ሰበረው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሕዝብ እያየህ አንገትህ ላይ ያለውን ነገር ሰው ቢሰብርብህ ምን ትላለህ? እኛ ብንሆን ከአፋችን እሳት ይወጣ ነበር። ኤርምያስ መንገዱን ሄደ። መጽሐፉ ይህችኑ ብቻ ነው የሚለው፤ ሄደ። መልስ የሰጠው በኋላ፣ የእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ተመልሶ የእንጨቱ ቀንበር በብረት ቀንበር መተካቱን ነገረው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ። ሁለቱ ሰዎች «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» በሚለው ቃል አይለያዩም፤ ሁለቱም ብለውታል። የሚለዩት አንደኛው እስኪነገረው መጠበቁ፣ ሌላኛው ሕዝቡ መስማት የፈለገውን አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው።

ወደ ሦስተኛው ታሪክ እንለፍ። ኢየሩሳሌም በ587 ወይም በ586 ወደቀች። የታሪክ ሊቃውንት በዓመቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የባቢሎን የጦር አዛዥ ናቡዘረዳን ኤርምያስን ከሰንሰለት ፈትቶ ምርጫ ሰጠው። ባቢሎን መሄድ ከፈለግህ እንከባከብሃለን፣ እዚህ መቅረት ከፈለግህም ቅር አለው። ኤርምያስ ከድኾቹ ጋር መቅረትን መረጠ። ናቡከደነፆር ጎዶልያስ የተባለ ደግ ሰው ገዥ አድርጎ ሾመላቸውና መቀመጫው ምጽጳ ሆነ። የተበተነው ሕዝብ ከየጎረቤት አገሩ ተመለሰ፤ ወይንና የበጋ ፍሬ ለቀመ፤ ሰው ትንሽ እፎይ አለ።

እፎይታው ወራትም አልቆየ። ከንጉሣውያን ዘር የሆነ እስማኤል የሚባል ሰው፣ ጎዶልያስ ራሱ ባቀረበለት ማዕድ ላይ ተነሥቶ ገደለው። አይሁድ ይህን ቀን እስከ ዛሬ የጎዶልያስ ጾም ብለው ይጾሙታል። ዮሐናን የተባለው የጦር አለቃ አስቀድሞ «ይህ ሰው ሊገድልህ ነው» ብሎ ጎዶልያስን አስጠንቅቆት ነበር፤ አልሰማውም። ገዳዩ ሕዝቡን ማርኮ ሊሄድ ሲል ዮሐናን ገባዖን ካለው ታላቅ ውኃ አጠገብ ደረሰበትና ሰዎቹን አስጣለ። እስማኤል ከስምንት ሰዎች ጋር አመለጠ።

ይህች ገባዖን የምትባል ከተማ ስሟ በተደጋጋሚ ሲመጣ ይገርመኛል። በኢያሱ ዘመን የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማ ተጫምተው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር የመጣን ነን እያሉ የእስራኤልን አለቆች አታለሏቸው። አለቆቹ ስንቁን አገላብጠው አዩ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም፤ ማሉላቸው፣ ታሰሩበት። ሰሎሞን ገና ወጣት ንጉሥ ሳለ እግዚአብሔር በሕልም ምን ልስጥህ ያለው እዚያው ገባዖን ነው። እርሱም ወርቅና ዕድሜን ትቶ በሕዝብ ላይ ለመፍረድ የሚያስተውል ልብ ለመነ። ሐናንያም የገባዖን ልጅ ነው። ጄምስ ፕሪቻርድ የተባሉ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1962 ቦታውን ሲቆፍሩ ከዐለት የተፈለፈለ፣ ደረጃ ያለው ግዙፍ የውኃ ጉድጓድ አግኝተዋል፤ የከተማዋ ስም የተቀረጸባቸው የእንስራ እጀታዎችም ወጥተዋል። አንዲት ከተማ የጠየቀውንም ሳይጠይቅ የቸኮለውንም አስተናግዳለች።

ዮሐናንና ያስጣላቸው ሰዎች አሁን ፈርተዋል። የባቢሎን ንጉሥ የሾመው ሰው ተገድሏል፤ ንጉሡ መጥቶ ያጠፋናል ብለው ያስባሉ። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ጃንደረባውም ተነሥቶ በቤተ ልሔም አጠገብ ጌሮት ከመዓም በሚባል ስፍራ ሰፈረ። ቦታው ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወደ ኤርምያስ መጡ። ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም መጡ። እባክህ ጸልይልን፣ የምንሄድበትን መንገድ አምላክህ ይንገረን አሉት። ኤርምያስ ምን መለሰ? ሰምቻችኋለሁ አለ። እጸልያለሁ አለ። የሚመጣውን መልስ ሁሉ እነግራችኋለሁ፣ ከእናንተ አንዳች አልሸሽግም አለ። እነርሱም ደግ ቢሆን ክፉ ቢሆን እንታዘዛለን ብለው ማሉ።

ቃሉ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

አሥር ቀን! ይህችን ቁጥር መጽሐፉ እንዲያው በአንድ መስመር ነው የሚያልፋት። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ መሄድ ያቅተኛል። የባቢሎን ጦር ነገ ሊመጣ ይችላል። ሕፃናት በድንኳን ናቸው። ስንቅ እያለቀ ነው። የጦር አለቆቹ በየማታው ድንኳኑ በር ላይ መጥተው «አባታችን፣ ምን ተባለ?» ሳይሉት ይቀራሉ? እርሱም «ገና ነው ልጆቼ» ሳይላቸው ይቀራል? በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ማለት ቀላል ነው። በሰባተኛው ቀን ግን ነቢይ ነኝ የሚል ሰው «ገና አልተነገረኝም» ብሎ ሕዝብ ፊት መቆሙ ከጉድጓዱ የማይተናነስ መከራ ይመስለኛል።

ደግሞ ኤርምያስ የራሱ ሐሳብ ያልነበረው ሰው አይደለም። 40 ዓመት ነቢይ ሆኖ ኖሯል። በግብፅ አትታመኑ እያለ ሲጮኽ ጉሮሮው ደርቋል። እርሱ ራሱ ከጥቂት ወራት በፊት «ቅር ወይስ ሂድ» ተብሎ መቅረትን መርጧል። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ «አትሂዱ፣ ድሮም ነግሬያችሁ ነበር» ቢላቸው ማን ይፈርድበታል? ከአሥር ቀን በኋላ የመጣውም መልስ ይኸው ነበር፤ አትሂዱ የሚል።

ታዲያ አሥሩ ቀን ምን ጠቀመ? መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ለምን ጠበቀ?

እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያ ቀናት የኤርምያስን ሐሳብ ከእግዚአብሔር ሐሳብ የለዩ ቀናት ናቸው። በዚህ ሕዝብ እጅ ተደብድቧል፣ ታስሯል፣ ጉድጓድ ተጥሏል። እንዲህ ያለ ሰው «አትሂዱ» ሲል ከቃሉ ጋር ቂሙ ሊወጣ ይችላል። «አላልኳችሁም?» የምትለዋ እርካታ ልትወጣ ይችላል። የራሱ ምርጫ ትክክል እንደ ነበር የማሳየት ፍላጎትም ሊወጣ ይችላል። አሥር ቀን በጸሎት የቆየ ሰው ይህን ሁሉ አራግፎ፣ ቃሉን ብቻ ይዞ ይመጣል። ትክክለኛ ምክር በቂም ልብ ሲነገር ምን እንደሚመስል ከአማቶቻችንና ከአለቆቻችን እናውቀዋለን፤ እውነት ነው፣ ግን አይዋጥም።

የቸኮለ ነቢይም አለ፤ ያውም እውነተኛ ነቢይ። ከኤርምያስ 400 ዓመት ያህል በፊት ዳዊት፣ እኔ በዝግባ ቤት ተቀምጬ ታቦቱ በድንኳን ይኖራል፣ ቤት ልሥራለት የሚል ሐሳብ ለናታን አዋየው። ናታን ወዲያው፣ በልብህ ያለውን አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው አለው። ምን ክፉ አለበት? ጠያቂው ደግ ንጉሥ፣ ሐሳቡ ቤተ መቅደስ፣ መካሪው ነቢይ። ግን በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣና ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ልጁ መሆኑን ነገረው። ናታን ተመልሶ ለንጉሥ ትናንት ያልኩህ አይሆንም ማለት ነበረበት። ተመልሶ መናገሩ ክብሩ ነው። ግን ከጠያቂው ደግነትና ከሐሳቡ ማማር የተነሣ ነቢይ እንኳ መጠየቅን ሊዘነጋ እንደሚችል እዚህ እናያለን። ክፉ ሐሳብ ሲመጣብንማ ማን ሳይጸልይ ይመልሳል? የሚያቻኩለን ደግ የሚመስለው ነው።

ወደ ጌሮት ከመዓም እንመለስ። በአሥረኛው ቀን ኤርምያስ ሁሉንም ጠርቶ ነገራቸው። በዚህ አገር ብትቀመጡ ትታነጻላችሁ እንጂ አትፈርሱም፣ የባቢሎንን ንጉሥ አትፍሩ፤ ግብፅ ብትገቡ ግን የፈራችሁት ሰይፍና ረኃብ እዚያው ይከተላችኋል አለ። ማሉ አይደል? እንታዘዛለን አሉ አይደል? አለቆቹ ምን አሉ መሰላችሁ፤ ዋሽተሃል፣ እግዚአብሔር አልላከህም፣ ጸሐፊህ ባሮክ ነው በእኛ ላይ የሚያነሣሣህ አሉት።

ቀድሞ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ሰዎቹ የሰፈሩት ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከመጠየቃቸው በፊት ዕቃቸውን ጭነዋል። ከኤርምያስ የፈለጉት ማኅተም ነበር፤ የወሰኑትን ውሳኔ በእግዚአብሔር ስም እንዲያትምላቸው። ወደ እኛም የሚመጣው ጠያቂ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ቪዛው ተመቷል፣ ቀለበቱ ተገዝቷል፣ ቤቱ ተሽጧል፣ ከዚያ «እስኪ ምከረኝ» ይባላል። የቸኮለ መካሪ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ይመታል፤ ሁለቱም ተመራርቀው ይለያያሉ። ይህን ማኅተም ስላልመታ ነው ኤርምያስ ውሸታም የተባለው።

ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ግብፅ ሄደ። ኤርምያስንና ባሮክንም ይዘዋቸው ሄዱ። የደረሱት የግብፅ ዳርቻ በሆነችው በጣፍናስ ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባሉት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1886 ቦታውን ሲቆፍሩ፣ የአካባቢው ዓረቦች ፍርስራሹን «የአይሁዳዊው ሴት ልጅ ግንብ» ብለው ይጠሩት ነበር። ከሕዝቡ ጋር የሴዴቅያስ ሴቶች ልጆችም አብረው ተወስደው ስለ ነበር ስሙ ብዙ ሰው ያስደንቃል። ኤርምያስ በጣፍናስም መናገሩን አላቆመም። የት እንደ ሞተ ግን መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። የምናውቀው፣ አትሂዱ ያለው ሰው ከሄዱት ጋር መሆኑን ነው። ምክሩን ጥለው እርሱን ይዘው ሄዱ። እርሱም ምክሬን ካልሰማችሁ አላውቃችሁም አላለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ዛሬም በየቤቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ሁላችንም አይተናል። በዜና ያየነው ፌስታላቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ነው። ከእነዚያ ልጆች እያንዳንዳቸው ከመሄዳቸው በፊት ሰው አማክረዋል። አጎት ነበረ፣ ጎረቤት ነበረች፣ ደላላ ነበረ፣ የንስሐ አባት ነበሩ፣ መጋቢ ነበረ። አንዱ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ የእገሌ ልጅ ቤት ሠራች» አለ። ሌላው «አገርሽ ላይ ሠርተሽ ብዪ» አለ። የመጀመሪያው የእገሌን ልጅ ሕይወት እንደ ልብስ አውልቆ ለዚችኛዋ አለበሳት። ሁለተኛው ሥራ ሳይሰጣት ሥሪ አላት። ሁለቱም የመለሱላት ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው።

ኤርምያስ ሄዳችሁ ተቀመጡ ያላቸው አሉ፤ አትሂዱ ያላቸውም አሉ። ስለዚህ ከታሪኩ «መሰደድ ኃጢአት ነው» የሚል ሕግ የሚያወጣ ሰው ታሪኩን አላነበበውም። «ዕድልህን ሞክር» የሚል ሕግም አይወጣውም። የሚወጣው ይህች ልጅ ማን ናት፣ ፊቷ ያለው መንገድ የትኛው ነው፣ እግዚአብሔር ለእርሷ ምን ያስባል ብሎ መጠየቅ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን ሲል፣ ለራሱ ጉዳይ ብቻ አላለም። በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ቃል የምንጥል ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የጎደለን እኛ ነን።

የአገራችን አባቶች ይህን ያውቁት ነበር። ከባድ ነገር ሲመጣ ሱባኤ መግባት ለዚህ ነው። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣላ ባልና ሚስት ሲመጣላቸው ሁለቱንም እስኪጨርሱ ሰምተው «በሉ ልጆቼ፣ ዛሬ ሰኞ ነው፣ ዓርብ ኑ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን አንድ ባል ተቆጥቶ፣ «እትዬ እገሊት እኮ አሁኑኑ ፍታት ብለውኛል፤ እርስዎ ምነው ዘገዩ?» ብሏቸው ነበር አሉ። እርሳቸውም «ልጄ፣ እርሳቸው ፈጥነው የሚመክሩት ቤቱ የርሳቸው ስላልሆነ ነው። እኔም የኔ ስላልሆነ ነው ባለቤቱን የምጠይቀው» አሉት ይባላል። እስከ ዓርብ ያለውን ጊዜ እንዴት ያሳልፉት እንደ ነበር የሚያውቁት እርሳቸውና ቤተ ክርስቲያን ጥግ ያለችው መቋሚያቸው ናቸው።

በርግጥ «እንጸልይበት» የሚለው ቃልም ዛሬ ዛሬ ተበላሽቷል። አንዳንዱ «እንጸልይበት» ሲል «አልረዳህም» ማለቱ ነው። አንዳንዱ በጠዋት የተነገረውን ችግር ሳይጸልይበት ማታውኑ «ለእገሌ ጸልዩለት» ብሎ ለሰፈሩ ያዳርሰዋል። የባሰው ደግሞ ሳይጸልይ «ጌታ ነግሮኛል» ይላል፤ ይህ የሐናንያ መንገድ ነው። ጠያቂው ሰው እንዲህ ያለውን በምን ይለየው? ከኤርምያስ ሦስት ነገር ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ሰምቻለሁ ይላል፤ የነገሩትን ይሰማል። ቀጥሎ አልሸሽግም ይላል፤ የማያስደስትም ቢሆን ይናገራል። በመጨረሻም አብሮ ይሄዳል፤ ምክሩን ባይቀበሉትም አይለያቸውም። ሳይሰማ የሚናገር፣ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚናገር፣ ነገር ሲበላሽ ስልኩን የሚያጠፋ መካሪ ማንን ጠይቆ እንደ መጣ ግልጽ ነው።

አንዳንድ ምክር አሥር ቀን አይጠብቅም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ውኃ ይፈልጋል እንጂ ሱባኤ አይፈልግም፤ የምትደበደብ ሴት ዛሬ ማደሪያ ነው የምትፈልገው። ነህምያ በፋርስ ንጉሥ ፊት ወይን ጠጅ ይዞ ቆሞ ሳለ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲባል፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮ ነው የመለሰው። ያ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ስለዚህ ቁም ነገሩ የቀኑ ብዛት ላይ አይደለም። በጥያቄውና በመልሱ መካከል እግዚአብሔር የሚገባበት በር መኖሩ ላይ ነው። ለነህምያ አንድ ትንፋሽ በቃው፤ ኤርምያስ አሥር ቀን ፈጀበት።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አንዱ ታናሽ ወንድማችሁ፣ ወይም የጎረቤት ልጅ፣ ፓስፖርቷን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ «እስኪ ምን ላድርግ?» ትላችኋለች። መልሱ አፋችሁ ላይ ይሆናል፤ ምናልባትም ትክክል ይሆናል። ቢሆንም ሻይ አፍሉላትና እስክትጨርስ ስሟት። ከዚያ «ሰምቼሻለሁ፤ ቅዳሜ ነይ» በሏት። እስከ ቅዳሜ ድረስም ጠይቁላት።